ሐሙስ ባዶ፣ ቅዳሜ ሙሉ

በሠፈራችን አዳራሽ መግቢያ፣ ከዘበኛው ጎጆ አጠገብ፣ መስተዋቱ አንድ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። የመጪው ወር ዝግጅቶች ባለፈው ሰኞ ተለጥፈውበታል። በስተግራ ባለ ቀለም ፖስተር ይታያል፤ በገና የታቀፉ አንድ አዛውንትና ማሲንቆ የያዘ ወጣት፣ ከሥራቸው ቀኑ፣ ሰዓቱና የመግቢያው ዋጋ፣ ሁሉም ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በሚነበብ ፊደል። ቀኑ ቅዳሜ ነው። በስተቀኝ ደግሞ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ስለ ፀሐይ ግርዶሽ «ሳይንሳዊ ገለጻ» እንደሚሰጥ ያትትና «በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት እንድትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ብሎ ያበቃል። ቀኑ ሐሙስ ነው። ሰዓቱ ግን የትም አልተጠቀሰም።

ከሁለቱ ሥር አንዲት ትንሽ ወረቀት አለች። «የሐሙስ ፕሮግራም በታዳሚ ማነስ ምክንያት ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው በወሩ መጨረሻ በሚደረገው የኮሚቴ ስብሰባ ይወሰናል» ትላለች። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደችኝ እርሷ ናት።

የእኛ የሒስ ጸሐፊዎች ልማድ ወደ ትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች መሄድ ነው። የሠፈር አዳራሽ ሰርግ፣ ምርቃትና የዕድር ስብሰባ የሚካሄድበት ስለሆነ ለሒስ የሚበቃ አይመስለንም። እኔም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ስሕተት ኖሬያለሁ። ነገር ግን ብዙ የከተማ ሰው ሙዚቀኛንም ሆነ ምሁርን በአካል የሚያገኘው እንዲህ ባለው አዳራሽ ነው። ስለዚህ ባለፈው ወር ሁለቱንም ታደምኩ፤ ሐሙስን በነፃ፣ ቅዳሜን ከፍዬ። ሁለቱንም እንደ መድረክ ሥራ በአንድ ሚዛን ላይ ላስቀምጣቸው ነው። አዳራሹን በስም አልጠራም፤ የሌላ ሠፈር አንባቢም የራሱን አዳራሽ በዚህ ውስጥ እንደሚያገኘው አምናለሁ።

የሐሙሱ

ርእሱ የከርሰ ምድር ውሃ ነበር። ውሃ በፈረቃ ለሚቀዳ ሠፈር ከዚህ የቀረበ ርእስ ከወዴት ይመጣል? ጀሪካን ይዞ ያልተሰለፈ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ሆኖም ስቆጥር ከአዘጋጆቹ በቀር ዐሥራ አንድ ነበርን። ወንበሩ የተደረደረው ለሦስት መቶ ሰው ነው።

በመጀመሪያ የመድረክ መሪው ስለ ዝግጅቱ ዓላማ ተናገረ። ቀጥሎ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ስለ ዝግጅቱ ዓላማ ተናገሩ። ከዚያም የክብር እንግዳው ዝግጅቱን በይፋ ከፈቱ፤ ስለ ዓላማውም ጥቂት አከሉ። ተናጋሪው ማይክሮፎኑን ሲጨብጡ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር።

ዶክተሩ ዕውቀት ያነሳቸው ሰው አልነበሩም፤ ይህ ገና ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገራቸው ያስታውቅ ነበር። ነገር ግን ለሥራ ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁትን ጥናታዊ ጽሑፍ ይዘው መጥተው እርሱኑ አነበቡልን። በግድግዳው ላይ የበራው ከኋላ ወንበር የማይነበብ ሠንጠረዥ ነበር፤ እርሱ ሲያልፍ ሌላ ሠንጠረዥ ተተካ። ከሦስት ቃል ሁለቱ እንግሊዝኛ ነበሩ። በመጨረሻ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ የፍል ውሃውስ እሳቱ የት ነው ያለው?» ሲሉ ጠየቁ።

ከዚያ ምሽት በልቤ የቀረው ይህ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ ፍል ውሃ አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ጥያቄው ከከተማዋ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። መልሱም አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃው ነበር፤ ዝናብ ሆኖ የወረደ ውሃ በአለት ስንጥቅ ወደ ጥልቀት ወርዶ፣ እታች ባለው ትኩስ አለት ሞቆ፣ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። የተሰጠው መልስ ግን «ይኼ ከዛሬው ርእሳችን ውጭ ነው እናቴ» የሚል ሆነ። እኚያ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። በሚቀጥለው ሐሙስ ይመጣሉ ብዬ አልጠብቅም።

አንድ ሌላ ጥፋት ግን የተናጋሪውም የኮሚቴውም አልነበረም። የአዳራሹ ወለል ሴራሚክ፣ ግድግዳው የሲሚንቶ ልስን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዶክተሩ የተናገሩት ቃል ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ከተከታዩ ቃል ጋር ይጋጫል። ድምፅ ማጉያውን ከፍ ባደረጉት ቁጥር ባሰበት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ከምሰማው የምገምተው ይበልጥ ነበር። ይህን እዚህ ላይ ልተወውና ኋላ እመለስበታለሁ።

የቅዳሜው

ቅዳሜ ማታ ቦታ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ፤ ያም ሆኖ ያገኘሁት ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነው። ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ አንድ ኪቦርድና ሦስት ድምፃውያን። ቃል በተገባው ሰዓት ሊባል በሚችል መዘግየት ጀመሩ። ዓላማቸውን ማንም አልነገረን፤ መጀመሪያ በመሣሪያ ብቻ አንድ ዜማ ተጫወቱና አዳራሹ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ፣ ማን ወደ ማን እንደሚያይ፣ የትኛው ዘፈን ከየትኛው በኋላ እንደሚሆን አስበውበታል። ተለማምደው መጥተዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለታዳሚ የሚሰጥ የመጀመሪያው አክብሮት ነው።

እንከን ግን ነበረባቸው። የኪቦርዱ ድምፅ ክራሮቹን ውጧቸዋል፤ የሚመቱትን ጣቶች እናያለን እንጂ ድምፃቸውን አንሰማም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ እያንዳንዱ የየራሱ መልክ አለው፤ የዚያን ዕለት ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት ጭፈራ ምት ስለታጨቁ ልዩነታቸው ጠፋ። ደግሞም ክራሩ በጆሮ፣ ኪቦርዱ በፋብሪካ የተቃኙ ናቸውና በመካከላቸው የፀጉር ያህል ልዩነት ነበር። ሁለት የተቀራረቡ ግን ያልተገጣጠሙ ድምፆች አብረው ሲሰሙ አንድ ላይ ሆነው ይዋዥቃሉ፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ይህ የታወቀ የድምፅ ሕግ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት «አንድ ነገር ይረብሸኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም» አለኝ። ያወቀ ሰው ቢነግረው ኖሮ ከዚያ በኋላ ሙዚቃን በሌላ ጆሮ ይሰማ ነበር።

ከዚያም መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ዐሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። ኪቦርዱ ዝም አለ፤ ማይክሮፎኑም ዝም አለ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ግን አላቋረጠም። በጨለማው ውስጥ፣ ያለ ምንም ማጉያ፣ ከአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር የሚወጣው ድምፅ እስከ በሩ ድረስ እኔ ዘንድ ጥርት ብሎ ደረሰ። የምሽቱ ምርጥ ዐሥር ደቂቃ እርሷ ነበረች። መብራት ሲመጣ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ቅር አለኝ።

እዚያው ተቀምጬ አንድ ነገር አሰብኩ። ወለሉ ያው፣ ግድግዳው ያው፣ ቆርቆሮውም ያው ነው። ሐሙስ ዕለት በትልቅ ድምፅ ማጉያ የተነገረውን በሦስተኛው ረድፍ ሆኜ ያልሰማሁ ሰው፣ ቅዳሜ ዕለት ያለ ማጉያ የተመታውን ማሲንቆ ከበሩ አጠገብ ሆኜ እንዴት ሰማሁት?

የትራሱ ምሥጢር

መልሱን ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ያገኘው ሰው ዋላስ ሳቢን ይባላል። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1895 ፎግ በተባለው አዲስ የጥበብ ሙዚየሙ ውስጥ የንግግር አዳራሽ ከፈተ። መምህሩ ሲናገር ግን ተማሪው ምንም አይሰማም፤ አንዱ ቃል ሳይሞት ሌላው ይደርስበታል። ችግሩን እንዲፈታ የታዘዘው ሳቢን ገና ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። ከረዳቶቹ ጋር ሌሊት ሌሊት እየሠራ፣ በአቅራቢያው ካለ ሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን እያጋዘ ይደረድርና የኦርጋን ቧንቧ አስነፍቶ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ ይለካ ነበር። በባዶው አዳራሽ ድምፁ 5 ሰከንድ ተኩል ያህል ይቆያል። ትራስ በተጨመረ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። ቀጥሎም ሰዎችን ለካ፤ የለበሰ የሰው አካል ድምፅን ከበርካታ ትራሶች እኩል እንደሚውጥ አወቀ። ከዚህ ያወጣው ስሌት እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተውን የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ለመንደፍ ዋለ፤ ያ አዳራሽ እስከ ዛሬ በድምፅ ጥራቱ ከዓለም ምርጦች ይቆጠራል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሳይንስን ለማስተማር ያልበቃ አዳራሽ ለማዳን የተጀመረ ጥናት፣ ለሙዚቃ የሚበቃ አዳራሽ ሠርቶ ተፈጸመ። ለሁለቱ ይሆን ዘንድ ሁለት የተለያየ ፊዚክስ አልተፈለገም።

ወደ እኛ አዳራሽ ስንመለስ የሐሙስ ችግር ግማሹ በዚህ ይፈታል። ቅዳሜ ሦስት መቶ ሰው ኮቱን፣ ነጠላውንና ሹራቡን ለብሶ ገብቶ ድምፁን አለዘበው። ሐሙስ ዕለት ሦስት መቶ ባዶ ወንበር፣ ያውም የፕላስቲክ፣ ዶክተሩን ከበባቸው። ሰው ስላልመጣ ንግግሩ አልተሰማም፤ ንግግሩ ስላልተሰማ ሰው አይመጣም። ኮሚቴው ይህን አዙሪት አይቶ «ሕዝቡ ሳይንስ አይወድም» የሚል ፍርድ ሊሰጥ ነው። ሕዝቡ ግን ገና አልሰማም።

ጥበብ አንድ ቃል ናት

ሽማግሌዎቻችን ለሁለቱም አንድ ቃል ነበራቸው። ሸማኔው በቀሚስ ጠርዝ የሚያወጣው ጥበብ ይባላል፤ የዜማው፣ የመድኃኒቱና የዘመን ቆጠራው ዕውቀትም እንዲሁ ጥበብ ነው። ዛሬ «የጥበብ ሰው» ስንል ዘፋኝ፣ ተዋናይና ሠዓሊ ማለታችን ሆኗል፤ ሳይንቲስቱን ከቃሉ አስወጥተነዋል። በቤተ ክህነት ትምህርት ግን ዜማና ባሕረ ሐሳብ ጎረቤታሞች ናቸው። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚያዜመው ሊቅ፣ አበቅቴና መጥቅዕ አስልቶ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚናገረውም እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። አዜሞ ሲያበቃ ያሰላል፤ አስልቶ ሲያበቃ ያዜማል።

የቲያትር ቤቶቻችንም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ወረራ በደጅ ሳለ፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት ሲቋቋም ተውኔት ማሳያ ብቻ ሆኖ አልነበረም። ሕዝቡ በአዝማሪ ዜማና በፉከራ ይሰበሰባል፤ ከተሰበሰበ በኋላ ስለ መጣበት አደጋ ዲስኩር ይሰማል። ዜማውና ንግግሩ አንድ መድረክ፣ አንድ ታዳሚ ነበራቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽም ሐሊም ኤል ዳብህ የተባለው የግብፅ ተወላጅ የሙዚቃ ሰው ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ ያስተምርበት የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘገብበት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም ነበረው። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ መቀመጫውን ያደረገው ደግሞ ጉለሌ፣ በደራሲው በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መኖሪያ ግቢ ነው። የደራሲ ቤት የሳይንስ ቤት ሲሆን የተገረመ ሰው አልሰማሁም። ታዲያ በሠፈራችን ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ማን አፋታቸው?

ቲኬቱን የሰጠው ሙዚቀኛ

ምሁራኖቻችን «እኛ ዘፋኞች አይደለንም፤ ዕውቀቱን ይዘን መምጣታችን ይበቃል» ይሉኝ ይሆናል። ለዚህ የማቀርበው ምስክር በትምህርት ቤት የፊዚክስ መጽሐፍ የምናውቀውን ማይክል ፋራዳይን ነው። የአንጥረኛ ልጅ ነበር፤ በለንደን የመጽሐፍ ጥረዛ ተለማማጅ ሆኖ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን የሃምፍሪ ዴቪን የኬሚስትሪ ንግግር እንዲሰማ ቲኬት ሰጠው። ወጣቱ ንግግሩን ጽፎ፣ ጠርዞ ለዴቪ ላከ፤ በዚያ መንገድ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። ቲኬቱን የሰጠው ዊልያም ዳንስ ሙዚቀኛ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት የለንደኑን ፊልሃርሞኒክ ሶሳይቲ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ሙዚቀኛው ሳይንሱን ለማን እንደሚያካፍል ዐውቆ ነበር።

ፋራዳይም ዕውቀቱ ብቻውን መድረክ ላይ እንደማይቆም ገባው። የንግግር ጥበብ መምህር ቀጥሮ ድምፁን አሠለጠነ። ሲናገር የሚፈጥን ከሆነ ቀስ እንዲል የሚያሳስብ ካርድ ከፊቱ የሚያሳይ ወዳጅ አስቀመጠ። ለልጆች በገና በዓል ሰሞን ሲናገርም ይዞ የቀረበው አንዲት ተራ ሻማ ነበር፤ ከእርሷ ተነሥቶ ስለ አየር፣ ስለ ውሃና ስለ ሰው ልጅ እስትንፋስ አስረዳ። በዘመኑ ከነበሩት ሳይንቲስቶች አንደኛው ሰው ልምምድ አላሳፈረውም። የእኛን ዶክተር ለምን ያሳፍራቸዋል?

የዳቦው ምሽት

ሩቅ ሀገር መሄድም አያስፈልግም። ይኸው አዳራሽ አንድ ጊዜ ሐሙስ ዕለት ሞልቶ አይቻለሁ። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ እኛም ዘንድ ፎቅ ላይ ያለው መብራት ሲወዛወዝና ብርጭቆ ሲንኳኳ፣ ሠፈሩ ሌሊት ሌሊት ወደ ደጅ እየወጣ ነበር። ወሬው ከመሬቱ ይልቅ ያናውጥ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ የጂኦሎጂ መምህር ወደ አዳራሹ መጡ። ሠንጠረዥ አልያዙም። የያዙት በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ ነበር።

ሁለት ወጣቶች ጠርተው ዳቦውን ከግራና ከቀኝ ቀስ ብለው እንዲስቡት አደረጉ። ቅርፊቱ ከመካከሉ ተሰነጠቀ፤ መካከሉም ሰጠም አለ። «ስምጥ ሸለቆ ይኼ ነው» አሉ። ሁለቱ የመሬት ጎኖች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚለያዩ፣ በስንጥቁ ሥር ቅልጥ አለት ሲገባ መሬቱ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ ግን ማንም ሊናገር እንደማይችል፣ «ዐውቃለሁ» የሚል ቢኖርም እንዳናምነው ነገሩን። ጥያቄው እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቀጠለ። ዳቦውም በጥያቄና መልሱ መካከል ተበላ። ያን ዕለት ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ተኛ።

አንዳንድ ወዳጆቼ እንዲህ ያለው አቀራረብ ሳይንስን ወደ ተውኔት ያወርደዋል ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ዳቦው ተስቦ ሚሊ ሜትሩ ባይነገር ኖሮ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። መምህሩ ግን ከቁጥሩም ከእውነቱም አንዳች አልቀነሱም። የቀነሱት በእኛና በእርሳቸው መካከል የነበረውን ርቀት ነው።

ለኮሚቴው

የኮሚቴውን ችግር አላቃልልም። የመብራትና የዘበኛ ወጪ አለ፤ የጣሪያውም ቆርቆሮ ያፈሳል። ገቢው ከሰርግ ኪራይና ከቅዳሜ መግቢያ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ሐሙስ ሰርግ የለም። ፕሮግራሙ ቢዘጋ አዳራሹ ያው ባዶውን ያድራል እንጂ ትርፍ አያገኝም። ከእያንዳንዱ የቅዳሜ ቲኬት ጥቂት ሣንቲም ለሐሙስ ቢቆረጥ የሙዚቃ ወዳጁ ይከፋዋል ብዬ አላምንም፤ ዊልያም ዳንስ አልከፋውም።

ስለ መጪው ወር ዝግጅቶች ደግሞ ይህን እላለሁ። ግርዶሹ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ ነው። ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ የምትሸፍናት በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በየመንና በሶማልያ ሰሜናዊ ጫፍ በሚያልፈው መስመር ላይ ነው፤ በግብፅ ሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። እኛ ከእኩለ ቀን በኋላ ከፊሉን እናያለን። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ የቀለበት ግርዶሽ በታየ ጊዜ ወረርሽኙ አዳራሾችን ሁሉ ዘግቶ ነበር። አሁን ግን ሰበብ የለንም። ተናጋሪው ሠንጠረዣቸውን ቤታቸው ትተው አንድ የፓስታ ማጥለያ ይዘው ይምጡ። በግርዶሹ ጊዜ ለፀሐይ ጀርባችንን ሰጥተን ማጥለያውን ከወለሉ ከፍ አድርገን ብንይዘው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚያልፈው ብርሃን በጥላው ውስጥ አንድ አንድ የተገመጠች ትንሽ ፀሐይ ይሥላል። ፀሐይን በባዶ ዓይን ያየ ዓይኑን ይጎዳል፤ በማጥለያው ግን ሕፃን ልጅም ያለ ሥጋት ያያታል። ይህን ያየ ልጅ ብርሃን በቀጥታ መሥመር እንደሚጓዝ መጽሐፍ ሳይገልጥ ይገባዋል።

ቅዳሜን በተመለከተ፣ በገና ደርዳሪው አዛውንት ከመጀመራቸው በፊት ዐሥር ደቂቃ ይሰጣቸው፤ አጠገባቸውም አንድ የፊዚክስ መምህር ይቀመጥ። የበገና ድምፅ እንደ ክራር አይደለም፤ ይነዝራል፣ ያጉረመርማል። ምክንያቱ በበርኩማውና በአውታሩ መካከል የሚገባው እንዝራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። እርሱ በትክክል ሲቀመጥ አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር በርኩማውን ይነካካል፤ ከአንዱ ድምፅ ላይም ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይነሣሉ። አዛውንቱ እንዝራውን ሲያወጡና ሲመልሱ አንድ ጊዜ እንስማ። አባቶች በጆሮ ያገኙትን መምህሩ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስረዳን። ከ10ሩ አውታሮች ከፊሎቹ የጣት ማረፊያ ብቻ የሆኑት ለምን እንደሆነም እንጠይቃለን። ከዚያ በኋላ መብራቱ ይቀነስ፣ ድምፅ ማጉያውም ይጥፋ። በገና በለሆሳስ የሚሰማ መሣሪያ ነውና።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። የሐሙሱ ማስታወቂያ ላይ ሰዓቱ ይጻፍ። የመክፈቻ ንግግር አንድ ሰው፣ አምስት ደቂቃ ይሁን። ወንበሩ ለሦስት መቶ ሰው አይደርደር፤ ሃምሳ ወንበር ከመድረኩ ሥር ተጠጋግቶ ይቀመጥና ሃምሳው ሲሞላ ይጨመር። ለሰርግ የሚሰቀሉት ወፋፍራም መጋረጃዎች ሐሙስም በግድግዳው ላይ ይዋሉ፤ ማሚቶውን ይቀንሱታል። እኚያ ስለ ፍል ውሃው የጠየቁት እናት ያሉበት ይፈለግና በክብር ይጋበዙ፤ ጥያቄያቸው አሁንም አልተመለሰም።

የኮሚቴው ስብሰባ ለነዋሪው ሁሉ ክፍት ነው ተብሏል። እኔ እገኛለሁ። ከዚያ በፊት ግን የግርዶሹ ሐሙስ አለ፤ ሰዓቱን ከዘበኛው ጠይቄ ዐሥራ አንድ ተኩል መሆኑን አረጋግጫለሁ። የምትመጡ አንባብያን ብትኖሩ ጋቢ ደርባችሁ ኑ። ብርዱን ይከላከልላችኋል፤ የተናጋሪውንም ድምፅ ከማሚቶው ያድንልናል።